በሚስቴ ፈንታ የበላሁበት ደሴት

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ወደ ሽርሽር ሳደርስ ኖሬያለሁ። ሥራዬ አትላንታ ኤርፖርት አጠገብ ካለ ፓርኪንግ ሻትል መንዳት ነው። ሻንጣቸውን አነሳለሁ፣ በሩ ላይ አራግፋቸዋለሁ፣ በሳምንቱ መልሼ እቀበላቸዋለሁ። ወደ ካሪቢያን የሚሄደውን ሰው በባርኔጣው እለየዋለሁ፤ ባሕሩን ሳያይ ገና ከፓርኪንግ ነው የገለባ ባርኔጣ የሚደፋው። ሲመለስ አፍንጫው ተልጧል፣ ሆዱ ተነፍቷል። ምን አየህ ስለው ባሕር ይለኛል። ምን ሠራህ ስለው በላሁ ይለኛል። ለመብላትማ እዚሁ አትላንታ፣ ቻምብሊ ምን አጣህ እያልኩ በልቤ እስቅበት ነበር።

ባለፈው ነሐሴ እኔም ሄድኩ። ባሕር አየሁ፤ በላሁም። እንዴት እንደበላሁ ግን ለማንም ተሳፋሪ አልነገርኩም፤ እዚህ ልጻፈው።

ነገሩ የተጀመረው ሰኔ ላይ፣ ልጃችን ፓይን ሌክ ያለው ቤታችን መጥታ ስልኳን ሚስቴ አፍንጫ ሥር ስትደቅን ነው። ልጃችን ነርስ ናት፤ ከባሏ ጋር ስማይርና ነው የሚኖሩት። ጃማይካ ቡክ አድርጌላችኋለሁ አለች። አራታችን አብረን፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ባሕሩ ጫፍ ላይ ያለ ሪዞርት፤ መብሉም መጠጡም የገባበት፣ ሰው እስኪሰለቸው የሚበላበት። ኦገስት ሁለተኛው ሳምንት ነው፣ እኔም እሱም ኦፍ አስፈቅደናል፣ ካንስል ማድረግ የለም አለች።

ሚስቴ ፈገግ እንዳለች ደርቃ ቀረች። ልጅቷ ኦገስት ስትል እሷ የሰማችው ነሐሴን ነው፤ ነሐሴ ደግሞ ለሚስቴ ፍልሰታ ማለት ነው። ሁለቱን ሳምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ውሃ እንኳ በአፏ አይዞርም። ከዘጠኝ በኋላም ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ ዓሣ የለም። ልጃችን ራሷ ትንሽ ሆና ከእናቷ ጋር ጾማዋለች፤ ልጆች የሚወዱት ጾም ነው። ካገባች በኋላ ግን የባሏን ፕሮቴስታንት ቸርች ተከትላ ሄደች። ነሐሴ ከአእምሮዋ ወጣና የቀራት ኦገስት ብቻ ሆነ።

ታዲያ ለምን አትነግራትም የሚል ሰው ይኖራል። ያ ሰው ልጃችን አዲሱን ቤቷን ያሳየችን ቀን ስማይርና አልነበረም።

ያኔ ኅዳር መጨረሻ ነበር፣ የገና ጾም ገብቷል። ልጅቷ የዚያን ጊዜ አልረሳችም። ለእናቷ ብላ ምስሩንም ጎመኑንም በዘይት ለይታ ሠርታ ጠበቀችን። ሚስቴ ደግሞ ድስቱን ሥጋ ነክቶት ይሆናል ብላ ሽሮዋን በፕላስቲክ ዕቃ ይዛ መጣች። በአዲሱ ጠረጴዛ ላይ፣ በእንግዳ ሁሉ ፊት፣ ክዳኑን ከፍታ የራሷን በላች። ልጃችን ጭልፋ እንደያዘች ቆማ አየቻት። "እጄ ያረክስሻል ማለት ነው?" አለቻት። ሚስቴ አፏ ሙሉ ነበር፤ አኝካ እስክትውጥ መልሱ ጊዜው አለፈበት። ከዚያ ወዲያ ዓመት ተመንፈቅ ልጅቷ ቤታችን አልገባችም። የእናቷን የደም ግፊት መድኃኒት በር ላይ ታስቀምጣለች፣ ደወሉን ትጫናለች፣ ትሄዳለች። በመስኮት መኪናዋ ሲዞር ነበር የምናያት።

ሰኔ ላይ ጃማይካን ይዛ ስትመጣ ነው እንግዲህ እንደገና ገብታ የተቀመጠችው።

እሷ እንደወጣች ሚስቴ ዕቃ እያጠበች፣ ዞር ሳትል ተናገረችኝ። "ራሷ ካስታወሰች ደግ። አንተ አስታውሰሃት ግን ደግሞ እጄን እምቢ አለችኝ ብላ ብትጠፋ፣ እኔና አንተ አንድ ቤት አናድርም።"

"ታዲያ ልትበዪ ነው?"

"አልበላም።"

"እና የሚቀርብልሽን ማን ሊበላው ነው?"

ዞር አለችና ሆዴን አየችው።

እኔ አልጾምም። በልጅነቴ ካላንደር ሳያስፈልገኝ የጾምኩት ይበቃኛል፤ ሚስቴም ይህን ስለምታውቅ ተስፋ ከቆረጠችብኝ ቆይታለች። ስለዚህ ውላችን አጭር ነበር። ከፊቷ የሚቀርበው ሁሉ ልጅቷ ሳታይ ወደ እኔ ይገባል። በሠላሳ ዓመት ትዳር እንዲህ ያለ ደስ የሚል ትእዛዝ ሰጥታኝ አታውቅም።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ደረስን። የሪዞርቱ ቡፌ ከሠርግ ድንኳን ይረዝማል። በበርበሬ ታሽቶ በእንጨት ጭስ የተጠበሰ ዶሮ፣ በእርድ የተሠራ የፍየል ወጥ፣ የበሬ ጭራ፣ ስሙን የማላውቀው ቀይ የባሕር አውሬ ከነቀንዱ። ልጃችን እናቷን አስቀምጣ ሳህኑን ራሷ ይዛ ሄደችና ሥጋውን ቆልላ መጣች። እኔ በሌላው በኩል ዞሬ ሩዝ ከባቄላ፣ የተጠበሰ ሙዝና ጥቅል ጎመን ሞልቼ ተቀመጥኩ። አባዬ ዳይት ነህ እንዴ አለችኝ። አዎ አልኩ።

መፍትሔው የመጣው ከአማቼ ነው። የልጄ ባል ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን አጭር ጸሎት አያውቅም። ከመብል በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ልጄም ትጨፍናለች፤ እሱ ከአውሮፕላኑ ፓይለት ይጀምርና ወደ ወጥ ቤቱ ሠራተኛ እያዘገመ ይመጣል። እኔና ሚስቴ አልጨፈንንም። ፓይለቱ ሲባረክ ሳህን ተለዋወጥን። ወጥ ቤት እስኪደርስ አንድ የዶሮ ጭን ጨርሼ ነበር፤ አሜን ያልኩት በሙሉ አፍ ነው። ዓይናቸውን ሲገልጡ ሚስቴ ፊት የቀረው ሩዝና ሙዝ ብቻ ነው። ልጄ ዶሮው የት ሄደ አለች። እናትሽ በልጅነቷም ፈጣን ነበረች አልኳት። ሚስቴ ምንም ሳይመስላት አፏን በናፕኪን ጠረገች። ይህን ያህል ችሎታ እንዳላት ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ እፈራት ነበር።

ከዚያ ሩዙን በሹካ ጫፍ እያገላበጠች በጆሮዬ ጠየቀችኝ፤ በኮኮናት ወተት ነው የሚቀቅሉት አሉ፣ ወተት አይደለም ወይ? ኮኮናት ጡት የለውም አልኳት። በላች።

እራት እንዲህ አለፈ። ችግሩ ምሳ ነው። ምሳ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ነው፤ በምሳ ሰዓት ሚስቴ ሙዝም አትነካ። ቁርስ ላይ እናትሽ በጠዋት ተነስታ ባሕሩ ዳር እየጸለየች ነው እላለሁ፤ እውነትም ነው። ለምሳ ግን በየቀኑ የሚጸለይበት ሰበብ አይገኝም።

ሪዞርቱ በየክፍሉ ያስቀመጠው አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ፤ በደሴቱ ላይ የሚታየውና የሚደረገው ሁሉ ተጽፎበታል። እኔ ማንበብ የተማርኩት አርባ ስምንት ዓመቴ ላይ ነው፣ ክላርክስተን በማታ ትምህርት። መጀመሪያ እንግሊዝኛውን፣ በኋላ አማርኛውን፣ ለልጃችን ፍሪጅ ላይ ለጥፈንላት ከነበረው የፊደል ገበታ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ምንም አይተውም፤ የሻምፖ ጠርሙስ ጀርባ አነባለሁ። ልጄና ባሏ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሲያነቡ ስላደጉ ምንም አያነቡም። ሰኞ ያንን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ጨረስኩት። ሌላ ሰው የሚያምረውን ይመርጥ ይሆናል፤ እኔ የመረጥኩት ሰዓቱን ነው። ምሳ ሰዓትን በልቶ የሚጨርስ ነገር ሁሉ ለእኛ የሚታይ ነገር ነው።

ማክሰኞ ወለሉ መስታወት በሆነ ጀልባ ሄድን፤ ከአምስት ሰዓት እስከ ስምንት ተኩል። አግዳሚ ላይ ተቀምጠህ እግርህ ሥር ባሕሩን ታያለህ። ጃርት የመሰለ ጥቁር ነገር ድንጋይ ላይ ተለጥፏል፣ ምንጣፍ የመሰለ ጠፍጣፋ ዓሣ ክንፉን እያራገበ ያልፋል፣ ዛፍ የመሰለው ደግሞ ድንጋይ ነው አሉን። ሚስቴ አማተበች። ይህን ሁሉ ውሃ ውስጥ ደብቆት ነበር አለች፤ ማን እንደሆነ መናገር አላስፈለጋትም። ልጄ ሳንድዊች አውጥታ ስታድል እኔ ሁለቱን ተቀብዬ የሚስቴን ወደ ኋላ ይዤ ሄድኩና ባሕር እያየሁ ጨረስኩት። ቀጥሎ ጭምብል አጥልቀው ወደ ውሃ የሚገቡት ገቡ። አማቼ እኔንም ላይፍ ጃኬት አልብሶ አስገባኝ። ዋና አልችልም፤ ፊቴን ብቻ ነከርኩት። አንድ ሰማያዊ ዓሣ ቀርቦ የኢሚግሬሽን ሰው በሚያይበት ዓይን አየኝ፣ ምንም ሳይጠይቀኝ ሄደ።

ረቡዕ ፏፏቴ ወጣን። ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ ውሃው ወደ ታች እየመጣብህ አንተ በድንጋዩ ላይ ትወጣለህ። አስጎብኚው ሰውን ሁሉ እጅ ለእጅ አያይዞ እንደ ገመድ ይጎትተዋል። ሚስቴ ረጅም ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ገባች፤ በመዋኛ ልብስ የመጡት ቱሪስቶች የቸርች ሰልፍ የመጣ መስሏቸው መንገድ ለቀቁላት። የያዘቻት ልጃችን ናት። እኔ ከኋላቸው ሆኜ የሁለቱን እጅ ነበር የማየው። ዓመት ተመንፈቅ በር ላይ መድኃኒት ያስቀመጠው እጅ አሁን እናቱን አንቆ ይዞ አልለቅም ብሏል። ድንጋይ ስቼ ብወድቅ ማንም አያየኝም ነበር።

ጫፍ ላይ ስንደርስ ሚስቴ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ልጃችን የሥራ ዓይኗን አወጣች፤ ከንፈርሽ ደርቋል፣ ዛሬ ውሃ ጠጥተሻል ወይ አለች። ጠርሙሱን ከፍታ ሰጠቻት። ሚስቴ ተቀበለች፣ አንጋጠጠች፣ ከንፈሯን ገጠመች። ውሃው ሁሉ በአገጯ ወርዶ ቀሚሷ ውስጥ ገባ። ከፏፏቴ የወጣ ሰው ላይ ማን ያውቀዋል። ልጅቷ ጎሽ እማዬ አለቻት። እኔ ግን ሳቄ መጥቶ መንገድ ላይ ቀረ። የደም ግፊት ያለባት ሴት ናት፤ ብትወድቅ እኔ ነኝ የምጠየቀው፣ ብትድንም እኔ ነኝ ከቤት የምባረረው። ማታ ክፍላችን ገብተን ነገ እነግራታለሁ ስላት፣ ሻንጣህ እዚያ ነው አለችኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሩም የሚጠመቅበትን ቦታ አየን። ሸንኮራ ይፈጫል፣ ይፈላል፣ በርሜል ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል፤ መጨረሻ ላይ ለየሰዉ በትንንሽ ብርጭቆ ያስቀምሳሉ። አማቼ አልኮል አይነካም፤ አስቀማሽዋን ማስቀየም ደግሞ ከበደው። ብርጭቆዎቹን ደርድሮ እያየ ቆመ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። የእሱንም ጠጣሁለት። በዚያ ሳምንት የቤተሰቡ ሁሉ ሃይማኖት የተጠበቀው በእኔ ሆድ ነው፤ እስካሁን ያመሰገነኝ ቄስም ፓስተርም የለም።

ከዚያ ወንዝ ወረድን። ረጅም የቀርከሃ ታንኳ ነው፣ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሰው ይቀመጣል፣ ቀዛፊው በእንጨት እየገፋ በቀስታ ይወስድሃል። ልጄና ባሏ አንዱ ላይ፣ እኔና ሚስቴ ሌላው ላይ። የእኛ ቀዛፊ ጸጉሩ ተገምዶ ወገቡ የደረሰ ሽማግሌ ነበር። ከየት ናችሁ አለ። ስነግረው እንጨቱን ከውሃ አውጥቶ ቆመ፤ ታንኳው ብቻውን መዞር ጀመረ። ንጉሡን አይተሃቸው ታውቃለህ አለኝ። አባቴ ጭሰኛ ነበር፣ ለንጉሡ የሚላከውን ማር እንጂ ንጉሡን አላየም አልኩት። ቅር አለው፣ ነገር ግን ጨዋ ሰው ነው፤ መቅዘፉን ቀጠለ። ሚስቴ በትንሽ እንግሊዝኛዋ ምን እንደሚበላ ጠየቀችው። እኔ ሥጋ አልበላም፣ ወተት አልጠጣም፣ ዕድሜ ልኬን አለ። ሚስቴ ዞር ብላ "አየህ? ዕድሜ ልኩን" አለችኝ፤ የተሰደብኩት እኔ ነኝ።

የወረድነው ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ቀዛፊው ከዛፍ ሥር ድስቱን ከፍቶ ዱባና ቅጠላ ቅጠል የተቀቀለበትን ለሚስቴ በቅል ቀዳላት። ሁለት ቅል በላች። ልጃችን ደርሳ ስታያት ፊቷ በራ፤ እንዲህ ስትበዪ አይቼሽ አላውቅም፣ ነገ ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ የማበላሽ አለች።

ዓርብ የመጨረሻ ቀናችን ነው። ልጄ የእኔን ወረቀት ሳትጠይቅ ስልኳ ላይ አንድ ነገር ቡክ አድርጋ ቆየችን። ዓሣ አጥማጅ በጀልባው ወደ ባሕሩ መሐል ይወስድሃል፤ በመንገድ ላይ ራስህ ታጠምዳለህ። ከዚያ ባሕሩ ውስጥ ብቅ ያለች ነጭ አሸዋ አለች፣ ከአንድ ኮንዶሚኒየም ግቢ የማትበልጥ፤ እዚያ ወርደህ ያጠመድከው ይጠበስልሃል። ጠረጴዛ የለም፣ ሳህን የለም፣ የሚደበቁበት ዛፍ የለም። ዙሪያው ውሃ ነው።

ልጃችን አጠመደች። በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ዓሣ ናት፣ ክንድ የምታክል፣ ጀርባዋ ቀይ። ዓሣ አጥማጁ ከሰል ላይ አጋደማት። በጎን ደግሞ ብሬድፍሩት የሚሉትን ክብ ፍሬ ከነልጣጩ እሳት ውስጥ ጣለው፤ ውስጡ እንደ ድንች ነው። አሸዋው ላይ ፎጣ አንጥፈን ተቀመጥን። አማቼ ጸሎቱን ጀመረ። እኔና ሚስቴ ተያየን። የምንለዋወጠው ሳህን የለም፤ ዓሣዋ አንድ ቅጠል ላይ ናት፣ ለአራታችን።

ደግሞ የዚያን ዕለት ጸሎቱ አጭር ሆነ።

ልጃችን ከዓሣዋ ሆድ በኩል ምርጡን ቆረሰች። እሾኩን አንድ በአንድ ለቀመች፣ በአፏ እፍ ብላ አበረደችው፣ በጣቶቿ ጠቅልላ ወደ እናቷ አፍ አመጣችው።

"እማዬ ጉረሺልኝ። በሞቴ።"

እኔ አራት ቀን የለመድኩትን አደረግኩ፤ አፌን ከፍቼ መሐል ገባሁ። ልጄ እጇን ሸሸት አድርጋ ሳቀች። አንተን አይደለም አባዬ፣ ተራህን ጠብቅ አለች። እጇ በእኔ ትከሻ ላይ ዞሮ እንደገና ሄደ። "በሞቴ" አለች ደግማ።

ሚስቴ ከንፈሯ እንደ ተገጠመ ነው። ፏፏቴው ላይ የረዳት ውሃ እዚህ የለም። እጁ ከፊቷ ቆየ፤ ዘይቱ በልጅቷ ክንድ ላይ ወረደ። ከዚያ የልጄ ፊት ተለወጠ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ ስማይርና ጭልፋ ይዞ የቆመው ነው።

"አሁንም?" አለች ቀስ ብላ።

የሚስቴ ዓይን ወደ እኔ መጣ። ዝም በል የሚል ይሁን ተናገር የሚል አልገባኝም። ጠብቄ ላየው አልቻልኩም።

"ፍልሰታ ነው" አልኩ። "ከሰኞ ጀምሮ ካመጣሽላት ሥጋ አንድም አልነካችም። የእሷን ሁሉ የበላሁት እኔ ነኝ።"

ልጄ እጇን ሳታወርድ ወደ እኔ ዞረች።

"ዶሮውን?"

"እኔ።"

"የፍየሉን ወጥ? ሁለት ጊዜ ነው ያመጣሁላት።"

"ሁለቱንም ጊዜ።"

"ሳንድዊቹን?"

"እሱ መቼም ሳንድዊች አይባልም፤ ግን እኔ ነኝ።"

አማቼ መቼ ነው የምትለዋወጡት አለ። አንተ ስትጸልይ አልኩት። ጥቂት አሰበና "አሜን ሲሉ አፍዎ ሙሉ የነበረው ለዚህ ነው?" አለኝ። አልዋሸሁትም። እሱ ደግሞ ነገሩን ያቀለለ መስሎት፣ ዓሣ ግን በጾም ይበላል ሲሉ ሰምቻለሁ አለ። ሚስቴ አየችው። አማቼ ባሕሩን ማየት ጀመረ።

ልጃችን አልሳቀችም። ጣቶቿን ትቆጥር ነበር፤ ነሐሴ አንድን ከኦገስት ጋር ስታስተያይ ገባኝ። ስትጨርስ አንገቷን ደፋች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንድ ጊዜ አሳየሁሽ" አለች ሚስቴ። "ዓመት ተመንፈቅ ጠፋሽ።"

ዓሣ አጥማጁ የቤተሰብ ጉዳይ መሆኑ ገብቶት ወደ ጀልባው ሄደ። ሚስቴ የልጅቷን እጅ ያዘች። ከጣቶቿ ውስጥ ዓሣውን አውጥታ ቅጠሉ ላይ አስቀመጠች፤ ዘይቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት፣ አንድ በአንድ፣ እንደ ሕፃን እጅ። የዚያን ቀን ስማይርና እጅሽን አይደለም እምቢ ያልኩት፣ ድስቱን ነው፤ እሱንም ቢሆን ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር አለቻት። ሚስቴ ጥፋቷን ስታምን የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለእኔ እስካሁን ተራው አልደረሰኝም።

"ያንን ፍሬ አጉርሺኝ" አለች ከዚያ፣ እሳቱን እያሳየች። "ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን።"

ልጄ ስልኳን አየች፤ ሰባት ሰዓት ከሃያ ነው። እኔ፣ አትላንታ ግን አሁን ስምንት ሰዓት ከሃያ ነው፣ ጾሙን የጀመርሽው አትላንታ ስለሆነ በአትላንታ ሰዓት ይፈታል አልኩ። አማቼ ደግሞ፣ ሰው ባለበት አገር ሰዓት ነው አለ፤ እሱ ጾሙን አይጾም፣ ሰዓቱ ላይ ግን ጥብቅ ሆነ። ተከራከርን። ሚስቴ ሁለታችንንም ሰማችና ጥላዬን ለካ አለችኝ።

ይህን አውቃለሁ። አንድ ፊደል ሳላውቅ ሰዓት አውቅ ነበር። ሰው ፀሐይ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የጥላው ጫፍ ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ከዚያ በራሱ ጫማ ይለካዋል። የእኛ አገር ዲያቆናት ለነሐሴ ዘጠኝ ሰዓት ሰባት ጫማ ይሉ ነበር። ሚስቴ አሸዋው ላይ ቆመች። የጥላዋን ጫፍ በእንጨት ምልክት አድርጌ አስለካኋት፤ ሁለት ጫማ እንኳ አልሞላም።

ልጄ ተነስታ ዓሣ አጥማጁን አነጋገረችው። ስምንት ሰዓት ላይ ሊመልሰን ነበር፤ ምን እንዳለችው አላውቅም፣ ጀልባው ውስጥ ተጋድሞ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፋ። ፍሬው ከእሳት ወጣ፣ ተላጠ። ልጃችን አንድ ቁራሽ በናፕኪን ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች፣ እሷም አልበላችም። አማቼም እሷን አይቶ አልበላም። ሦስት ሰው ፊት እኔ ብቻዬን ዓሣ ልበላ? በላሁ። ከአምስት ቀን በኋላ ምን አሳፍሮኝ።

በየጊዜው ሚስቴን እያስነሳሁ አስለካለሁ። ሦስት ጫማ። አራት ተኩል። በእግር ጣትሽ ጫፍ ቆም በይ፣ ይረዝማል ስላት እግዚአብሔርን ልታታልለው ነው አለችኝ። አምስት ቀን ያታለልነው ማንን እንደሆነ መጠየቅ ፈልጌ ነበር፤ ትቼዋለሁ። በመሐል እናትና ልጅ ጥላው እስኪረዝም ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ቆሙ። ምን እንዳወሩ ነፋሱ አላመጣልኝም፤ አንድ ጊዜ ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው ሆዴን አዩና ሳቁ።

በልጄ ስልክ ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። በቃ አልኩ። ሚስቴ ተነስታ ጥላዋን በሙሉ ጫማዋ፣ ተረከዝ ከጣት እያገናኘች ለካች፤ ስድስት ተኩል ነው። ጥላውን የፈለገችው ራሷ ናት፣ ጥላው ደግሞ ከስልኩ ባሰ። "ተረከዝሽን ደረብ ብታደርጊው ሰባት ነው" አልኳት። ተመልሳ ቁጭ አለች። ልጄ ያን ጊዜ ሳቀች፤ ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀችና አሸዋው ላይ ተጋደመች።

ሰባት ጫማ ሲሞላ አማቼ ነበር የጮኸው።

ልጃችን ናፕኪኑን ፈታች። ፍሬው ቀዝቅዞ ደርቋል። ቁራሹን ቆረሰች፣ በጣቶቿ አለሰለሰችው፣ ወደ እናቷ አፍ አመጣችው። ሚስቴ አፏን ከፈተች። ብዙ አኘከች፤ ልጅቷ እጇን አየር ላይ እንደያዘች ትጠብቃለች።

"አልበሰለም" አለች ሚስቴ።

"አሥራ አምስት ደቂቃ ተጠብሷል እማዬ።"

"ከልጣጩ ጋር ሲሆን ይዋሻል፤ በቢላዋ ወጋ አድርገሽ ማየት ነበረብሽ። አምጪ ድገሚኝ።"

ደገመቻት። ጀልባው እስኪነሳ ድረስ፣ ከተነሳም በኋላ፣ ስለ ፍሬው አበሳሰል ሲጨቃጨቁ ሄዱ፤ ልጅቷ እያጎረሰች፣ እናትየው እየጎረሰች እንከን እያወጣች። አማቼ ጠጋ ብሎ ከዓሣው የቀረ አለ ወይ ሲለኝ ቅጠሉን ገልብጬ አሳየሁት።